በቴሌቪዥን የታጨደው ሰሊጥ

ጋሽ ማተቤ የትም ሲገቡ መጀመሪያ ሰው ይቆጥራሉ። ከበለሳ አንድ ማጭድ ይዘው ወደ ቆላው ወርደው፣ ለሰው አጭደው፣ ቆይተው ለራሳቸው አጭደው፣ ትራክተርና መጋዘን ያፈሩት ከመቁጠር ስለማይሰንፉ ነው ይባላል። በዚያ የግንቦት ቅዳሜ ገንዳ ውሃ ከሚገኘው ከሉባባ ሻይ ቤት ሲገቡም በሩ ላይ ቆም ብለው ቆጠሩ። ሦስት የባጃጅ ሹፌሮች፣ ሁለት የጤና ጣቢያ ሠራተኞች፣ ሉባባ ራሷ፣ ከጎንደር ትናንት የተመለሰው ነጋዴው ሙነወር፣ እና ከማቀዝቀዣው አጠገብ ጀርባውን ለግድግዳ የሰጠ አንድ ሰው። ስምንት።

ስምንተኛውን ቆጠሩት እንጂ አላዩትም። አጠገቡ ካለው ጠረጴዛ ሙነወርን አስቀመጡና ወንበራቸውን ወደ ግድግዳው ቴሌቪዥን አዙረው፣ ጀርባቸውን ለሰውየው ሰጥተው ተቀመጡ። ሰውየው የገበሬዎቹ ማኅበር ሰብሳቢ ነው። በማግስቱ እሁድ ጠዋት ማኅበሩ ስብሰባ ነበረው፤ ባለፈው አዝመራ ሰብል ለጠፋበት ሰው ዘር የሚሰጠው፣ መሬቱም በማኅበሩ ትራክተር ቀድሞ የሚታረስለት በዚያ ስብሰባ ነው። ሙነወርም ከመስከረም ጀምሮ ስብሰባ ባይረግጥ እንኳ አባል ነው።

«እንዴት ከረምህ ልጄ? እናትህስ? … አልሐምዱሊላህ በል። ጎንደር ብርድ ነው ይላሉ፤ ለበሽተኛ ጥሩ አይደለም፤ ግን ሐኪሙ ያለው እዚያ ነው። እኛ ይኸው እንደምታየው እየተጠበስን ነው። ይቺ ማራገቢያ ትዞራለች፤ ያቺኛዋ ለወጉ ነው የተሰቀለችው። ሉባባ፣ ለልጄ ሻይ ስጪው፤ ስኳሩን ቀነስ አድርጊ። ለኔም እንደሱ። ዛሬ እኔ ነኝ የምጋብዘው፤ ለሁሉም ድገሚላቸው… ለሁሉም። በዚህ ቤት ማንም ሳይጠጣ ሊወጣ አይገባም።»

ሻዩ መጣ። ጋሽ ማተቤ ብርጭቆውን በጣታቸው ዙሪያውን ነካ ነካ አድርገው አስቀመጡት።

«አንተ ሳትኖር ቴሌቪዥን አገኘን እኮ። የራሳችን! “የቆላው ቴሌቪዥን” ይሉታል። ይኸው፣ ሉባባ ሌላ ነገር አትከፍትም። የአካባቢያችንን ዜና ይነግረናል። ድሮ ግመል ሲጠፋ ባለቤቱ ከገበያ ገበያ እየዞረ ይጮህ አልነበር? አሁን የግመሏ ፎቶ ይወጣል። ባለፈው የኸሊፋ ግመል ጠፍታ አሳዩለት። ተገኘች። ቆይቶ ሲታይ ግን ፎቶው የሌላ ሰው ግመል ኖሯል፤ እሷንም ሰው አምጥቶ አስረከበው። ሁለቱንም ይዞ ሄደ ይባላል። እኔ አላየሁም… ቴሌቪዥኑ ካለ ግን ምን ይባላል?

የባጃጅ መቆሚያው ወደ አሮጌው ሚዛን መዛወሩንም ነግረውናል። ሄጄ አየሁት፤ እውነት ነው፣ መቆሚያው አለ። ባጃጅ ነው የሌለው። አይደለም እንዴ ልጆች? … የክትባቱንም ቀን ነገሩን፤ እሱ እንኳ ደህና ነው፣ ክትባቱም መጣ፣ ቀኑም መጣ። እና እኔ ይህን ቴሌቪዥን እወደዋለሁ። “ማን ይናገር የነበረ” ይሉ ነበር አባቶቻችን። የነበረማ ምን ያውቃል? ይረሳል፣ ያረጃል፣ ይሳሳታል። አሁን ማን ይናገር የቀረጸ ሆኗል፤ እኛም ዐረፍን።»

ቴሌቪዥኑ አዲሱ የእርሻ ወቅት በመድረሱ ያለፈውን አዝመራ «መልካም ተሞክሮ» በድጋሚ እንደሚያቀርብ አስታወቀ። ሙዚቃ ተሰማ። ከአስፋልት ዳር ያለ የሰሊጥ ማሳ፣ ማጭድ የያዙ ሰዎች፣ ከዚያ በተደረደረ ጆንያ ፊት የቆመች ጠይም ሴት ታየች። ከማቀዝቀዣው በኩል የማንኪያ ድምፅ ቆመ።

«እስቲ ዝም በል፣ ይቺን እያት! በዚህ አገር ይቺን ያላየ አንተ ብቻ ነህ። አወቅሃት? ውዴ ናት። አዎ፣ ባሏ የሞተባት ውዴ፤ ያቺው። በነጠላው ነው ያላወቅሃት። ነጠላው የጎረቤቷ የአገኘሽ ነው፣ ለዚያች ሰዓት ብላ ተውሳ ነው። … ሰማሃት ምን እንዳለች? “እግዜር ይመስገን” አለች። ቆጥሬዋለሁ፤ ሁለት ቃል ነው። እንግዲህ ያቺን ማይክ የያዘችውን ልጅ ስማት… “አርሶ አደሯ ያለ ምንም ብክነት በሰበሰበችው ከፍተኛ ምርት መደሰቷን ገልጻለች።” አየህ? ከሁለት ቃል ይህን ሁሉ! ምርታማነት ማለት ይሄ ነው።

ቀጥሎ የሚናገረው ደግሞ ይህን ሁሉ ያደረገላት ሰው ነው። ስሙን ከታች ጽፈውታል፤ እኔ መነጽሬን ስላልያዝኩ አይታየኝም። አንተም ተወው፣ አታንብብልኝ። መመስገን የማይወድ ሰው ነው፤ ስሙን ብንጠራው ያፍርብናል። ከእንግዲህማ አንተ ማለትም ነውር ነው። ቴሌቪዥን የወጣን ሰው አንተ ይሉታል? እሳቸው እንበል። ትናንት ሲወለዱ የነበርን ሰዎች ብንሆንም እሳቸው እንላለን፤ ምን ይጎድለናል?

እና እሳቸው፣ ባሏ ከሞተ ወዲህ የውዴን መሬት የሚያሳርሱላት እሳቸው ናቸው። ሥጋ ዘመድ ናቸዋ! የሟች ዘመድ ሆኖ ለሟች ሚስት የማያስብ አለ? … አለ ትላለህ? እንጃ፣ እኔ አላውቅም።»

ሙነወር አንገቱን መለስ ሊያደርግ ሲል ጋሽ ማተቤ እጁን ያዝ አደረጉት። የውዴ ባል ከማቀዝቀዣው አጠገብ የተቀመጠው ሰው ታላቅ ወንድም እንደነበረ በቤቱ የማያውቅ አልነበረም።

«ሻይህን ጠጣ። በጥቅምት ነው ነገሩ። የውዴ ሰሊጥ እንደዚያን ጊዜ አምሮ አያውቅም። በመንገዱ ሳልፍ ትራክተሬን ቀዝቀዝ አድርጌ ነበር የማየው። ደረሰ፤ ቅጠሉ ቢጫ ሆነ። አንተም ነጋዴ ብትሆን የዚህ አገር ልጅ ነህ፣ ሰሊጥን ታውቀዋለህ። ማሽላ ይጠብቃል። ጤፍም ትንሽ ይታገሣል። ሰሊጥ ግን ጨዋ አይደለም፤ ቀኑ ሲደርስ ካላጨድከው ቅርፊቱን ከፍቶ ፍሬውን መሬት ላይ ይዘረግፈዋል። ቀጠሮ ብትለው አይሰማ፣ ስብሰባ ብትለው አይሰማ። “ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል” ይላሉ፤ ሰሊጥም በእግሩ ይሄዳል፣ ግን ወደ ታች ነው።

ለአጨዳ የወረዱት ሳሉጎች ከነማጭዳቸው ማሳው ውስጥ ቆመዋል። ጎጃሜውም አለ፣ ወሎዬውም አለ፤ እንጀምር እያሉ ነው። ታዲያ እሳቸው ምን አሉ መሰለህ? “ቆዩ። ቴሌቪዥን ይመጣል፤ ታጭዶ ካገኙት ምኑን ይቀርጹታል?” አሉ። እውነት አይደለም? ምኑን ይቀርጹታል? እንግዳ ሳይደርስ ማዕድ የማይጀምር ጨዋ ሰው አለ አይደል? እንደዚያ ናቸው። ማዕዱ የራስ ሲሆን ይህ ከባድ ነው። የሰው ሲሆን ደግሞ… እሱም ቢሆን ልብ ይጠይቃል።

እንግዳው ቆየ። መንገዱን ታውቀዋለህ። ዛሬ ጎማ ፈነዳ ተባለ። ነገ ስብሰባ ገጠማቸው ተባለ። ከነገ ወዲያ መኪናው ወደ ሳንጃ ሄደ ተባለ። ሳሉጎቹም ጥላ ሥር ተኝተው ይጠብቃሉ። ውዴ እሳቸው ደጅ ሄደች። “ኧረ ይፈሳል” አለች። ምን ብለው መለሱላት መሰለህ? “አገር ሊያይሽ ነው፤ አንቺ ስለ ፍሬ ታወሪያለሽ?” እንዴት ያለ አነጋገር ነው! እኔ ሰላሳ ዓመት በሰሊጥ ኖሬ ስለ ፍሬ ሳወራ ነው ያረጀሁት። ለካ ሰው ሳያየኝ ነው የከበርኩት።

አንድ ቀን፣ እኩለ ቀን ላይ ነው፣ በዚያ ሳልፍ ነፋስ ተነሣ። ሿ… የሚል ድምፅ ሰማሁ። ዝናብ መሰለኝ። ሂላዬ ሜዳ ላይ ቆሟል፤ ያላራገፍኩት ሁሉ ነዶ ለነዶ ተደግፎ ቆሞ እየደረቀ ነበርና ደነገጥኩ። ቀና ብዬ ሰማዩን ባይ ደመና የለም። ትራክተሩን አጠፋሁት። ድምፁ አልጠፋም። ዝናቡ የሚዘንበው ከውዴ ማሳ ውስጥ ነበር ሙነወር… ከላይ ሳይሆን ከጉልበት ከፍታ። ውዴ ዳር ላይ ቆማ ነጠላዋን ዘርግታለች። የራሷን ነጠላ። ከስንቱ ግንድ ሥር ትዘርጋው?»

ጋሽ ማተቤ ሻያቸውን ፉት አሉ። ከባጃጅ ሹፌሮቹ አንዱ ስልኩን ኪሱ ከተተ። ከማቀዝቀዣው አጠገብ ያለው ሰው ሒሳብ ጠየቀ፤ ሉባባ ብርጭቆ እያጠበች ስለነበር አልሰማችውም። ብርጭቆው ግን ከታጠበ ቆይቷል።

«ሉባባ፣ ስኳር ጨምሪልኝ። አፌ መረረኝ። … እና ምን እያልኩ ነበር? አዎ፣ ደግነታቸውን። ለሰው ማዘን ቀላል ነው፤ ሁሉም ያዝናል። እሳቸው ግን ለወፍ ያዘኑ ሰው ናቸው። የዚህ ቆላ እርግብ ሁሉ በዚያ ማሳ ሰነበተ። አንዷ በእግሯ እየሄደች ነበር፤ ጠግባ መብረር አቅቷታል። ጉንዳኑስ? ጉንዳንን ማን አስቦት ያውቃል? በገዛ ሰሊጡ ወፍ የሚያበላ ሞልቷል። በወንድም ሚስት ሰሊጥ የአገሩን ወፍ ያበላ ግን… እኔ ሌላ አልሰማሁም። አንተ ጎንደር ሰምተሃል?

በመጨረሻ መኪናው መጣ። የቴሌቪዥኑ ልጆች ምን በወጣቸው? ና የተባሉበት ቦታ መጡ፣ ያሳዩአቸውን ቀረጹ። ታጨደ። እዚህ ላይ ነው እኔ ሞኝነቴን ያወቅሁት። እኔ አጭጄ፣ አስሬ፣ ሂላውን አቁሜ፣ ሁለት ሳምንት ፀሐይ አስመትቼ፣ ከዚያ ሸራ ላይ ገልብጬ ነው የማራግፈው። የነሱ ግን በአንድ ከሰዓት በኋላ ታጨደ፣ ተራገፈ፣ በጆንያ ገባ፣ ተደረደረ። አየኸው አይደል አሁን? “ያለ ምንም ብክነት” ያለችው ልጅ እውነቷን ነው። ያን ቀን ምን የሚባክን ነበርና? ያለው ሁሉ ቀድሞ ባክኗል።

“የቸኮለች አፍሳ ለቀመች” ይላሉ። የቆየችስ? የቆየች አፍሳ ተቀረጸች።

ጆንያውን አየኸው? ጆንያው ደስ ሲል! አፉ በአረንጓዴ ሲባጎ ነው የተሰፋው። በዚህ ወረዳ ጆንያ በአረንጓዴ ሲባጎ የሚሰፋ አንድ ሰው ነው የማውቀው። ሽበታም ነው፣ አሁን ሻይ እየጠጣ ነው። የኔ መጋዘን ሞልቶ፣ ቀድሜ ያራገፍኩት ሰሊጥ በማኅበሩ መጋዘን ነበር። የመጋዘኑ ቁልፍ የታመነ ሰው ዘንድ ነው፤ ማኅበራችን ቁልፉን ለማይሆን ሰው አይሰጥም። እና ሰሊጤ ያን ዕለት በጋሪ ሽርሽር ሄዶ፣ ከውዴ ጎን ቆሞ ፎቶ ተነሥቶ፣ ማታ በሰላም ተመለሰ። በማግስቱ ሄጄ ቆጠርኩት፤ አንድ አልጎደለም። ታማኝነት ይሏል ይሄ ነው። ሰው እንዴት የሌላውን ጆንያ ይዞ ሄዶ አንዱን እንኳ ሳይረሳው ይመለሳል? የውዴን ጆንያስ? እሱም አልጠፋም፤ አንድ ነበር፣ እሱም ግማሽ፣ ከኋላ ነው ያስቀመጡት። ለካሜራ አይመችም ተብሎ።

“ለወሬ የለው ፍሬ” ይላሉ። ይሄው ፍሬ የሌለው ወሬ ሆኖ ወጣ፤ አገር ተሳለመው።

ኸላስ፣ ነገሩ እዚያ ላይ ቢያበቃ እኔም ዝም ባልኩ። እስከ ዛሬ ዝም ብዬ አይደል? ቴሌቪዥን የወጣች ሴት ግን ዕዳ አለባት። በጥር ጎረቤት ለለቅሶ ሲያዋጣ፣ “ውዴማ ያላት ናት፣ አይተናል” አሏት። ፍየሎቿን ሸጠች። ሕፃኖቿ አሁን የጎረቤት ፍየል ነው የሚያግዱት። ባለፈው ስብሰባ እጇን አወጣች፤ ዘር እንዲሰጣት፣ መሬቷም እንዲታረስላት። ቀጥ ብላ ቆማ “የኔ ፈሷል” አለች። እሳቸው ምን አሉ? አዝነው እኮ ነው የተናገሩት፣ ድምፃቸው ተንቀጥቅጧል። “እኅቴ ናት፤ ለኔ ቢሆን ከአንድም ሁለት ጊዜ በሰጠኋት። ግን አገር በዓይኑ ያየውን እኔ እንዴት እክዳለሁ? ለዘመዱ አደላ አልባልም?” አሉ። አየህ ፍርድ! ለዘመድ አለማድላት እንዲህ ነው። ሰዎቹም እውነት ነው አሉ። አይተዋላ! እኔ ያን ቀን ጎንደር ትራክተር ሳሠራ ነበርኩ።

እንግዲህ ዘር ከሌላት አትዘራም። ካልዘራች መሬቷ ጦሙን ያድራል። እሳቸው ግን ያንን እንኳ አስበውበታል፣ አንጀታቸው አልቻለም። “መሬቱ ጦሙን ከሚያድር እኔ አርሰዋለሁ” ብለው ፈቅደዋል። ይህን ሁሉ ሥራ እያለባቸው! የወንድማቸውን መሬት ከአስፋልቱ ዳር፣ ለካሜራ የሚመቸውን… ሸክም እኮ ነው። እንደዚህ ያለ ዘመድ ላላት ሴት ጠላት ምን ያደርግላታል?

አንተ ነገ ጠዋት መቼም ትመጣለህ። አባል ነህ፣ ጎንደር ከርመሃል፣ ማንንም አልተቃወምክ፣ ከማንም ጋር አልቆምክ። ማንም ምን አየህ ቢልህ አሁን ያየኸውን ተናገር። እኔም እመጣለሁ። አንድ ጥቅልል አረንጓዴ ሲባጎ ይዤ እመጣለሁ፤ ለሰብሳቢው ስጦታ ነው። ከእንግዲህ ለመቀረጽ ሲሹ የራሳቸውን ጆንያ እንዲሰፉበት። የሰው ጆንያ ማመላለስ ወገብ ይጎዳል።»

ሰውየው ከማቀዝቀዣው አጠገብ ተነሣ። ብር ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ሁለት እርምጃ ወደ በሩ ሄደ። ጋሽ ማተቤም በዚያው ቅጽበት፣ ዞር ሳይሉ፣ ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሡና ሁለት መዳፋቸውን ዘረጉ። ሽማግሌ ሲመርቅ ማንም ጥሎ አይወጣም። ሹፌሮቹ ቆሙ፤ የጤና ጣቢያዎቹ ቆሙ፤ ሉባባ እርጥብ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ዘረጋች። ሰውየው በበሩና በጠረጴዛው መካከል ቀረ።

«እንግዲህ ሻይ ጠጥተን ዝም ብለን አንለያይም። ክርስቲያኑም እስላሙም እጃችሁን ዘርጉ።

የሙነወርን እናት ፈጣሪ በደህና ይመልስልን። ድንበራችንን ሰላም ያድርግልን። ዝናቡን በወቅቱ ያውርድልን።

ለዚያ ለደግ ሰው ደግሞ ዕድሜ ይስጥልን። ቤታቸውን ያሙቅላቸው። የዘሩት ይብቀልላቸው፣ የበቀለው ይብሰልላቸው፣ የበሰለው ሁሉ ታዛቢ ይድረስለት። ለወንድማቸው ሚስት ያሰቡትን የሚያስብ ደግ ዘመድ ለሚስታቸው ያቁምላቸው። ጎተራቸውን በዚያች ዕለት በቴሌቪዥን ባየነው በውዴ ምርት ይሙላላቸው… በሱ ብቻ፤ አንድ ፍሬ ሳይጨምር፣ አንድ ፍሬ ሳይቀንስ። ልጆቻቸው ከሱ ይብሉ፣ ከሱ ይልበሱ። የከርሞ ዘራቸውንም ከሱ ያውጡ።

አሜን በሉ እንጂ!»

ቤቱ አሜን አለ፤ አሚን ያለም ነበር፤ የሙነወር ድምፅ ከሁሉ በላይ ወጣ። ጋሽ ማተቤ መዳፋቸውን እንደዘረጉ፣ ዓይናቸውን ቴሌቪዥኑ ላይ እንደተከሉ፣ ጆሯቸውን ወደ ኋላ ዘንበል አደረጉ።

«ሙነወር፣ ጆሮዬም ደክሟል መሰለኝ። ስገባ ስምንት ሰው ቆጥሬ ነበር። የሰማሁት አሜን ግን ሰባት ነው። … ግድ የለም፣ አንደኛው ካሜራው እስኪመጣ እየጠበቀ ይሆናል። ፈጣሪ ትዕግሥቱን ይባርክለት።»